እልል የተባለለት መጥፎ ወሬ

ጥላዬ የተቀጠረው ለቧንቧ ነበር። ይህን ዛሬ ከራሱ በቀር የሚያስታውስ ሰው ቢሮው ውስጥ አለ ለማለት ያስቸግራል። ደብረ ታቦር ካለ አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ሲገባ ጸጉሩ ጥቁር፣ እጁ ሻካራ ነበር፤ ቧንቧ ይቆርጣል፣ ይገጥማል፣ የሚያፈሰውን ይጠግናል። ታዲያ አንድ ቀን በአንድ ምንጭ ምረቃ ላይ ንግግር የሚያደርገው ኃላፊ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ጠፋ። ግራ ቀኝ ሲታይ ጥላዬ መፍቻውን ይዞ ቆሟል። «በል አንተ ሁለት ቃል ተናገር» አሉት። ተናገረ። አባቱ አንበሳሜ አካባቢ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሽምግልና ላይ የማይጠፉ ሰው ነበሩና አፉን ከእሳቸው ወርሶት ኖሮ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ቀን ያስቀመጠውን መፍቻ መልሶ አላነሣውም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የሚናገረው ነገር ሲኖር የሚጠራው ጥላዬ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ጥላዬ፤ ሪፖርት ሲቀርብ ጥላዬ፤ ሕዝብ ሲቆጣ ጥላዬ። ደስ የሚለውን ወሬ እንኳ ኃላፊዎቹ ራሳቸው ይናገሩታል፤ ሆድ የሚያስብሰው ሲመጣ ነው «ይኼን ለጋሽ ጥላዬ ተዉለት፤ እሱ ያውቅበታል» የሚባለው። ባለሙያ መሆን እንዲህ ነው፤ ከባዱ ሁሉ ወዳንተ ይንከባለላል። ሚስቱ ገነት ማታ እራት አቅርባ «ዛሬ እንዴት ዋልህ?» ስትለው «እህ» ብሎ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ከጀመረ ሰንብቷል። እሷም ለጎረቤቶቿ «የኔ ባል አፉን ቢሮ ትቶ ነው የሚመጣ» ትላለች። አላበለችም።

ከተናገረባቸው መንደሮች ሁሉ ልቡ ላይ የቀረችበት አንዲት ናት። ከገሳይ አለፍ ብሎ በጉና ግርጌ ያለች፣ ቁልቋል አምባ የምትባል። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያ ሄዶ «እናንተ ቦዩን ቆፍሩ፤ ቧንቧውን እኛ እናመጣለን» ብሎ ነበር። ይህንንም በባዶው አላለውም። ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ስለ ወደቀች ነፍሰ ጡር፣ እንስራ ስላጎበጠው ጀርባ፣ ደጃፍ ላይ ስለሚንፎለፎል ውሃ እያነሣ ሰዉን አስለቀሰው፣ አሳቀውም። በማግሥቱ ሰዉ ጎትጓች ሳያስፈልገው ወጣ። በተለይ ሴቶቹን ያስወጣቻቸው ዓለሚቱ የምትባል፣ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነች ባልቴት ነበረች። ራሷ ዶማ ይዛ ከፊት ስትወጣ ሌላው ቤቱ ለመቀመጥ አፈረ። ከምንጩ አንሥቶ በየሰዉ የገብስ ማሳ መካከል እየሰነጠቀ እስከ መንደሩ የሚደርስ ረጅም ቦይ ተቆፈረ።

ቧንቧው አልመጣም። በመጀመሪያው ዓመት ጥላዬ ሄዶ መዘግየቱን በተረትና በምሳሌ አጣፍጦ ነገራቸው፤ ስቀው ተቀበሉት፤ ጠላ አጠጥተው ሸኙት። በሁለተኛውም ዓመት ሄደ፤ አሁንም ሳቁለት። ቦዩ ግን አፉን ከፍቶ ክረምቱን አሳለፈ። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ቦዩ ዘንድ ሲደርስ መሻገሪያ ስለሌለው ማሳው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጦም ያድራል። የአባ አያሌው ጥሩ በሬ ገብቶበት እግሩ ተሰብሮ ታረደ። ሰዉ ይህን ሁሉ የቻለው ውሃው ይመጣል ብሎ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት ለቁልቋል አምባ የተተረተ ይመስላል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ቁርጡ ታወቀ። ቧንቧው ለሌላ ሥራ ዞሯል፤ ቁልቋል አምባ ከዕቅድ ወጥታለች። ይህን ለጥላዬ የነገረው አለቃው ይሻው ነው። ይሻው ከጥላዬ በዕድሜ የሚያንስ፣ ክፉ የማይባል፣ ግን ሪፖርት ካልጻፈ በቀር እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

«እንግዲህ ቀረ አትበላቸው፣ ጋሽ ጥላዬ» አለው። «በሂደት ላይ ነው በላቸው።»

«በሂደት ላይ ነው እንዴ?»

«ሁሉም ነገር በሂደት ላይ ነው። ቀረ ካልኻቸው ነገ ቦዩን ይደፍኑታል። ቦዩን ከደፈኑት የሕዝብ ተሳትፎ ብለን ያቀረብነው ሁሉ ገደል ገባ። አንተ ደግሞ ታውቅበታለህ።»

ጥላዬ በእርግጥም ያውቅበታል፤ ችግሩም እሱ ነው። አንድ ተጨማሪ ንግግር ቢያደርግላቸው ቁልቋል አምባዎች ሌላ ክረምት ቦዩን ክፍት አድርገው እንደሚቀመጡ፣ ማሳቸውም ግማሹ ሳይዘራ እንደሚቀር አልጠፋውም። ዝናቡ ሊጥል ጥቂት ነው የቀረው። እውነቱን አሁን ከሰሙ ደፍነው ይዘራሉ፤ ካልሰሙ አይዘሩም። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ያን መንደር አይቶ «ቀረ» የሚለውን ቃል ከአፉ እንዴት እንደሚያወጣው አላወቀም፤ ፊታቸው ሲጠቁር ማየቱን ፈራ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሥልጠና መጣ። የተግባቦትና የገለጻ ክህሎት ሥልጠና ይባላል፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተለቅሞ ደብረ ታቦር አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ጥላዬ ስሙ ሲጠራ «ለእኔ ደግሞ መናገር ሊያስተምሩኝ!» አለና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለማንቀላፋት ተዘጋጀ። አሠልጣኟ ሕይወት የምትባል ከባሕር ዳር የመጣች ወጣት ናት። መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ሲጨልምባት አልተደናገጠችም፤ ወንበሯን አምጥታ መካከላቸው ተቀመጠችና ወሬዋን ቀጠለች። ጥላዬ ይህን ሲያይ እንቅልፉን ተወው።

«ብዙዎቻችሁ ጥሩ ትናገራላችሁ» አለች። «ግን ከተናገራችሁ በኋላ ሰሚው ቤቱ ይዞት የሚገባው ምንድን ነው? እሱን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

ጥላዬ ጠይቆ አያውቅም። ጭብጨባውን ሰምቶ ነው ሲሄድ የኖረው።

የሻይ ሰዓት ላይ ጠጋ አላት። «እኔ የምለው፣ እኅቴ፣ መጥፎ ወሬ ለሚነግር ሰውስ ምን ትያለሽ? ለእሱ ስላይድ አላችሁ?» አላት። ልትስቅ ስትል ፊቱን አየችና ተወችው። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ከልቧ መከረችው። በጉባኤ ፊት ከመቆምህ በፊት፣ አለችው፣ ወሬው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደውን ሰው ለይተህ ቤቱ ድረስ ሂድና ለብቻው ንገረው። ብቻህን አትሂድ፤ የሚያምናቸውን ሰዎች ከጎንህ አድርግ። በማለዳ ይሁን፤ ሰው ሳይደክመው፣ ወደ ሥራው ሳይበተን። ጥቁረት ያለው፣ የተከበረ ልብስ ልበስ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ቁጭ በል በለው። ከዚያ ነገር ሳታዞር ንገረው።

ምክሩ ጥሩ ነው፤ እንከን የለበትም። ግን አንባቢዬ የዚያ አገር ሰው ከሆነ እዚህ ላይ ሲደርስ ራሱን ሳይዝ አይቀርም። ጥላዬም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሊያየው ይገባ ነበር። አላየውም። ደክሞት ነበር፤ የደከመ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ያሰበለትን ሲያገኝ እፎይ ብሎ ይወስዳል። ያን ማታ ለገነት «እውነቱን ልነግራቸው ነው» አላት። እሷም «ምነው ዛሬ አወራህ?» ብላ አየችው።

ነገሩ የሚከብዳት ዓለሚቱን ነው። ሰዉን ያስቆፈረች እሷ ናት፤ ነገ ሰዉ የሚወቅሳትም እሷን ነው። ስለዚህ ጥላዬ ለቀብርም ለስብሰባም የሚለብሰውን ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ከቢሮው ሾፌር ከሬድዋን ጋር ተነሣ። ሬድዋን ሱብሒ ሰግዶ ነው የመጣው፤ የገሳይን መንገድ እያዛጋ ያዘው። ቁልቋል አምባ ሲደርሱ ቄስ ደምሴ ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኟቸው።

ጥላዬ መስቀል ተሳለመና «አባቴ፣ ለዓለሚቱ ከባድ ነገር ልነግራት ነው። ብቻዬን ከምሆን አብረውኝ ቢሄዱ» አላቸው።

የቄሱ ፊት ወደቀ። «እግዚአብሔር ያጽናት» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። ጥላዬ ቄሱ እንኳ ስለ ቧንቧው ይህን ያህል ማዘናቸውን አይቶ ሆዱ ባባ። መንገዳቸው ላይ የአባ አያሌው ቤት ነበርና ቄሱ ገባ ብለው ጠሯቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወጡ። ጥላዬ አየ፤ ብርዱ ይሆናል አለ። ሦስቱ ዝም ብለው ወደ ዓለሚቱ አጥር አቀኑ።

በዚያ አገር ሰው በሩቅ ሲሞት መርዶው እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። በማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ቄስና ጋቢውን ያዘቀዘቀ ሽማግሌ ይሄዳሉ፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ «ቁጭ በይ» ይላሉ። ዓለሚቱ ደግሞ ብርቱካን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ዓረብ አገር ናት፤ ከፋሲካ ወዲህ አልደወለችም። የወተት ዕቃዋን ይዛ ላሟን ልታልብ ስትወጣ ቄሱን አየች። የአባ አያሌውን ጋቢ አየች። ጥቁር ኮት የለበሰውን የቢሮ ሰው አየች፤ ከአጥሩ ወዲያ የቆመችውን መኪና አየች።

ጥላዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓለሚቱ፣ እኅቴ» አላት። «እስቲ ቁጭ በይ።»

«ወየው ልጄን!»

ዕቃው ከእጇ ወደቀ። እሷም ወደቀች። ያን ጩኸት ጥላዬ እስኪሞት አይረሳውም። ከየቤቱ ሰው እየሮጠ መጣ፤ በዚያ መንደር ሩቅ የሄደ ሰው የሌለው ቤት ስለሌለ ግማሹ የጮኸው ለብርቱካን፣ ግማሹ ለራሱ ነበር። ደረት ተመታ፤ ነጠላ ተቀደደ። ሬድዋን ከመኪናው ወርዶ አንገቱን ደፍቶ መጣና ከለቀስተኛው መካከል ቆመ። ጥላዬ «ውሃው ነው! ውሃው ነው የቀረው!» እያለ ይጮሃል፤ ማን ሰምቶት! በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያለ ማይክ የሚሰማ ድምፅ ያን ጠዋት ከአንድ ክንድ አላለፈም። ዓለሚቱ ፊቷ አመድ መስሎ መሬት ላይ ተንከባለለች።

በመጨረሻ ቄሱን በካባቸው ጨመደደ። «አባቴ፣ ማንም አልሞተም!»

«ምን?»

«ብርቱካን አልሞተችም! ስለ ብርቱካን የማውቀው ነገር የለኝም! የመጣሁት ቧንቧው ቀረ ልል ነው!»

ቄስ ደምሴ አንድ አፍታ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ዝም በሉ! ዝም በሉ፣ በእግዚአብሔር!» አሉ። ሰዉ ዝም አለ። ጥላዬ ደገመላቸው። ዓለሚቱ ከወደቀችበት ቀና ብላ «ማልልኝ» አለችው፤ «ኢየሱስን!» አላት። ያን ጊዜ ተነሥታ ቆመች፤ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። መንደሩ ሁሉ ተከተላት።

«ውሃ ነው እንዴ!» እያለች ጥላዬን አቅፋ ሳመችው። «ውሃማ ከወንዙ ስንጠጣ ኖረን የለ! ልጄ ትኑርልኝ እንጂ ውሃስ ገደል ይግባ!»

ሴቶቹ እየተላቀሱ ይስቃሉ፤ ወንዶቹ «ተመስገን» እያሉ መሬት ይስማሉ። አንዱ ሄዶ ዶሮ ያዘ፣ ሌላዋ ዳቦ አመጣች። ጥላዬ «ቦዩን ድፈኑት፤ ዝናቡ ሳይመጣ...» ብሎ ጀመረ። ቁራሽ ዳቦ አፉ ውስጥ ከተቱለት። እንደገና ሞከረ፤ ጠላ አቀበሉት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። የሰው ልጅ ገድሎ አንሥቶ፣ በዚያ ላይ እየተመሰገነ ዳቦ መጉረስ!

ሬድዋን የመልሱን መንገድ ያዘ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለ ጥላዬ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ነገርኻቸው» አለ ሬድዋን። «ሰሙህ ወይ?»

ጥላዬ መስኮቱን ዘጋና ዓይኑን ጨፈነ። መመለስ ነበረበት። ያን ጊዜውኑ ዙር ማለት ነበረበት፤ ያውቀዋል። ግን ነግሬያለሁ ማለት ቀለለው፤ ሰውነቱም ዝሎ ነበር።

ቢሮ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለይሻው ደውሎ ቁልቋል አምባ የውሃውን ነገር በእልልታ ተቀበለች ብሎታል። ይሻው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው፤ ይህን አድርጎ አያውቅም።

«በእልልታ!» አለ። «ጋሽ ጥላዬ፣ እንዴት አድርገህ ነው?»

«ይሻው፣ ነገሩ እንደሱ አይደለም» አለና ጥላዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። ይሻው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ።

«ይኼንንማ በመድረክ ስታቀርበው ጨምርበት! ሰዉ ይስቅልሃል» አለ። «እኛ የምናየው ውጤቱን ነው። ቦዩን ደፈኑት?»

«አልደፈኑትም።»

«አየህ!»

እንዲህ ሆኖ የቁልቋል አምባ ጠዋት ምርጥ ተሞክሮ ተባለ። ምርጥ ተሞክሮ ከተባለ ደግሞ መቀመር አለበት፤ ከተቀመረ መስፋት አለበት። በማለዳ፣ ከሃይማኖት አባትና ከአገር ሽማግሌ ጋር፣ ቤት ለቤት ተብሎ ተጻፈ፤ ጥላዬም በዞን ደረጃ በሚደረግ መድረክ ላይ ለሌሎች ወረዳዎች እንዲያቀርብ ተወሰነ። እንግዲህ የደቡብ ጎንደር እናት ሁሉ በየተራ ልጇ የሞተ መስሏት ደንግጣ፣ መንገድ ቀረ፣ መብራት ቀረ ሲሏት እልል ልትል ነው ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው በዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም፤ ከጥላዬ በቀር። ጥላዬ ደግሞ ያን ያህል ዘመን እሺ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ እምቢታን ከየት ያምጣው? ስላይድ ተሠራለት። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመዳል፤ ገነት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

«እዚህ ጋ ሲስቁ ትንሽ ዝም እላለሁ» አላት አንድ ቀን።

«የሴትዮዋን መውደቅ ስትነግር ነው የሚስቁት?» አለችው። ጥላዬ መስታወቱን ትቶ ተኛ፤ እንቅልፍ ግን በዓይኑ አልዞረም።

የመድረኩ ዋዜማ የገበያ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዓለሚቱ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ነጠላዋ ነጭ ነው፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሷል። ጥላዬ ደንግጦ ተነሣና ወንበር ሳበላት።

«ብርቱካን ደወለች» አለች ገና ሳትቀመጥ። «አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ነው የጠፋችው። የዚያን ጠዋቱን ነገር ስነግራት ሳቀችብኝ።»

«እሰይ፣ ተመስገን» አለ ጥላዬ። እውነትም ደስ አለው።

«ተመስገን» አለችና ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «አሁን ልጄ ደኅና መሆኗን አውቄያለሁ። ልቤ ተመልሷል። ያን ቀን የነገርኸኝን ነገር አልሰማሁትም፤ ሰዉም አልሰማውም። እስቲ አሁን ንገረኝ። ይኸው ተቀምጫለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተሩ ተከፍቷል፤ ስላይዱ ላይ ቀለም የተቀባ የውሃ ጠብታ አለ። ጥላዬ አየው፤ እሷንም አየ። ተረት ፈለገ፤ አልመጣለትም። ምሳሌ ፈለገ፤ ከምሳሌ ሁሉ የታወሰው አባቱ ሽምግልና ሲቀመጡ የሚሉት፣ ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ የሚለው ብቻ ነው።

«ቧንቧው አይመጣም» አላት።

«ዘንድሮ?»

«ዘንድሮም ከርሞም። ከዕቅድ ወጥታችኋል። መቼ እንደምትገቡ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።»

ዓለሚቱ ስላይዱ ላይ ያለውን የውሃ ጠብታ አየች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ያን ጠዋት እንደ ነበረው ጩኸት የለበትም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ አሁንም ወረደ። ጥላዬ አላባበላትም።

«ለእሙሃይ ትርንጎ ምን ልላት ነው?» አለች። «በዚያ ዕድሜዋ አፈር በእንቅብ ያወጣች ናት። ነይ ውጪ ብዬ ያወጣኋት እኔ።»

«እኔ ነኝ ያልሁሽ።»

«አዎ። አንተ ነህ።» ቀና ብላ አየችው። «ሰዉ ቦዩን አልደፈነም። ‹ጥላዬ ይምጣና ይንገረን› ነው የሚለው። ዝናቡ መጣ። ገብሱ መዘራት አለበት። ነገ ና።»

«ነገ...» አለ ጥላዬ። ነገ መድረኩ ነው። ይሻው አለ፤ የዞን ሰዎች አሉ። ይህን ሁሉ ሊነግራት አሰበና ደከመው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ድካሙ ጠቀመው። «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» አላት።

«በማለዳ አትምጣብኝ» አለችና ተነሣች። «ቀትር ላይ ና።»

በማግሥቱ መድረኩ ላይ ስሙ ሲጠራ ጥላዬ የገሳይ ሚኒባስ ውስጥ፣ በአንድ ከረጢት ድንችና በበሩ መካከል ተጣቦ ተቀምጦ ነበር። ለይሻው በስልክ «አልመጣም» ብሎታል፤ «አሞህ ነው?» ሲለው «አይ፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ዘግቶታል። የሚመጣበትን አያጣውም። ከገሳይ በእግሩ ወጣ። ሰዉ ቦዩ ዳር ተሰብስቦ ጠበቀው። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ልማዳቸው ፈገግ አሉ፤ ልጆቹ «ጥላዬ መጣ!» እያሉ ሮጡ። ያ ፈገግታ ነው የሚያስፈራው የነበረ፤ አሁን አጠገቡ ደረሰ።

ሰላምታውን አሳጠረ። «ቧንቧው አይመጣም» አለ። «ዘንድሮም ከርሞም አይመጣም። ቦዩን ድፈኑና ገብሳችሁን ዝሩ። ቆፍሩ ያልኋችሁ እኔ ነኝ። ያኔም፣ ባለፈው ዓመትም፣ በሚጣፍጥ ነገር ደለልኋችሁ። ያለኝ ነገር ይኸው ነው።»

መጀመሪያ የሚቀጥል መስሏቸው ጠበቁ። አልቀጠለም። ፈገግታው ከየፊቱ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ጥላዬ አንድ በአንድ ሲጠፋ አየው። ከዚያ ተነሡበት። «አፈ ጮሌ!» አለ አንዱ። «የሰው ጉልበት ጨዋታ ነው?» አለ ሌላው። አንዲት ሴት ከሰዉ መካከል ወጥታ የሻከረ መዳፏን ዓይኑ ሥር ዘረጋችና «እይ! እይልኝ!» አለችው። አየላት። ቄስ ደምሴ ሊያስታግሱ ሲሉ ዓለሚቱ «ይተዉ፣ አባ፤ ይናገሩት» አለች። ዓለሚቱም ቀረላት ማለት አይደለም፤ ግማሹ ስድብ ወደ እሷ ነበር፤ ከጎኑ ቆማ ጠጣችው። ጥላዬ አልተከላከለም፣ ይቅርታም ብሎ አላሳጠረባቸውም። ፀሐዩ አናቱን እየመታው፣ ሰዉ እስኪበቃው ቆመ። እንዲህ ተናግሮ አያውቅም፤ እንዲህም ደክሞት አያውቅም።

ነገሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ አባ አያሌው አካፋቸውን አነሡ። ከሁሉ ሰው የበለጠ የተጎዱ እሳቸው ናቸው፤ በሬያቸው በዚያ ቦይ ተሰብሮ ታርዷል። አንድ አካፋ አፈር ዝቀው ቦዩ ውስጥ ጣሉ። ሌላም ጣሉ። ሰዉም ዶማውንና አካፋውን እያነሣ፣ እያጉረመረመ፣ ወደየማሳው ድርሻ ተበተነ። ሽማግሌው አካፋቸው ላይ ተደግፈው ወደ ጥላዬ ዞሩ።

«ልጄ» አሉት፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመጣ ባየንህ ቁጥር ደስ ይለን ነበር። የምትለውን ግን ማን ሰማህ። ከእንግዲህ ስትመጣ ደስ አይለንም። እንሰማሃለን ግን።»

ጥላዬ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣቸውና ወደ መንገዱ ወጣ። ጠላ ጠጣ ያለው ሰው አልነበረም፤ የሸኘውም የለም። ወደ ገሳይ ሲወርድ አፈሩ ቦዩ ውስጥ ሲወድቅ ከኋላው ይሰማው ነበር።